እንጀራ የሸጡት እቴጌ

«ደግሞ የይፋግ ሰው ስለ ሆቴል ምን ያውቅና ነው የምትጽፈው?» አለኝ አንድ የድሮ ባልደረባዬ፣ ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ልጽፍ ማሰቤን ስነግረው። ዓመታት አብረን ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር ስለኖርን እንዲህ ቢለኝ አይከፋኝም። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይፋግን የሚያውቃት ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወረታን አልፎ፣ ርብን ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመን ሳይደርስ አንዴ ታይታ የምትጠፋ የመንገድ ዳር ከተማ።

እኔ ግን ስለ ሆቴል መጻፍ ያለበትማ የይፋግ ሰው ነው ባይ ነኝ። ይፋግ ስንትና ስንት ዘመን መንገደኛ ስታሳድር የኖረች፣ ሆቴል የሚባል ነገር ግን የማታውቅ ከተማ ነበረች። ሆቴል ምን እንደሆነ የሚገባው ደግሞ ሆቴል ያልነበረበትን ዘመን ያየ ሰው ነው።

ይፋግ ዛሬ ብታንስም ትናንት ትልቅ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የዞሩ አውሮፓውያን ስሟን በመጽሐፋቸው ያነሷታል። አንዳንዶቹ ገበያዋን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የአካባቢውን ወይን ያደንቃሉ። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ የሚያልፍባት፣ ጭነቱን አራግፎ የሚገበያይባት፣ ለኬላው ቀረጡን ከፍሎ የሚሻገርባት ከተማ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው፣ ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ በቅሎው፣ ማርትሬዛው ብሩ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ትንሽ ወደ ጎን ስትሉ ደሪጣ አለች፤ የእስላም ነጋዴዎች አገር። የደሪጣ ነጋዴ ያልረገጠው መንገድ አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ያድር ነበር? ትልቁ ነጋድራስ ድንኳኑን ከገበያው ዳር ይተክላል፤ አሽከሮቹ እሳት አንድደው በጭነቱ ዙሪያ ይተኛሉ። ትንሹ ነጋዴና እግረኛው ግን ቤት ለቤት ነው የሚያድረው። በየከተማው የሚያውቀው ደጅ አለው። የማያውቅ እንደሆነም አንዱን አጥር ተጠግቶ «ቤቶች!» ማለት ብቻ ነው።

የአያቴ ቤት እንዲህ ካሉት ቤቶች አንዱ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ፣ 1960ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ የሲራራው ንግድ ወደ ማለቁ ነበር፤ የጭነት መኪና ሥራውን ቀምቶታል። ይሁን እንጂ በገበያ ዋዜማ አህያና በቅሎ የሚነዱ ሰዎች ይመጡ ነበር። ትልቅ ክብ ቤት ነው፤ ዙሪያውን መደብ፣ በአንድ ወገን የከብት ጋጥ። ሲመሽ ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ይሰማል።

«ቤቶች! ደህና አመሻችሁ! የመሸብን እንግዶች ነን።»

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ!» ትላለች አያቴ፤ እኛ እምዬ ነበር የምንላት። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ አትጠይቅም። ያ የሚጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ውኃ ይሞቃል፤ እግር አጣቢው እኔ ነኝ። የስንቱን ነጋዴ እግር እንዳጠብኩ ባልቆጥረውም የእያንዳንዱን ተረከዝ ንቃቃት እስካሁን አልረሳውም። የደሪጣ ሰዎች የመጡ እንደሆነ ለእነሱ ብቻ የምትሠራበት ድስት ከግድግዳው ላይ ይወርዳል። ሥጋችን ስለማይገናኝ ዶሮ በነፍሱ ትሰጣቸዋለች፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፣ እሷ ትሠራላቸዋለች። በጾም ቀን ከሆነ ግን ሽሮው ለሁሉም አንድ ነው። ሲነጋ መርቀው ይሄዳሉ። አንዳንዱ እፍኝ ቡና ወይም ትንሽ ጨው «ለልጆቹ» ብሎ ከመደቡ ላይ ትቶ ይሄዳል። ለልጆቹ! ዋጋ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ነጋዴ ሲነጋ ኪሱ ውስጥ ገብቶ «እሜቴ፣ ስንት ልክፈል?» አላት። ጓደኞቹ አፈሩ። እምዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ልጄ፣ ቤቴን ገበያ አደረግኸው?» አለችው። ልጁ የት ይግባ!

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት በኩራት ስናገረው ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼ ሳይሰለቹት አልቀሩም። የእንግዳ ተቀባይነታችን ማስረጃ ነበር ለእኔ። አሁን አሁን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ መጥቷል። ያ እንጀራ ከየት መጣ? ነጋዴዎቹ ጠግበው ሲያንኮራፉ ወፍጮው ላይ ማን ነበር? በልጅነቴ ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የምሰማው ድምፅ የወፍጮው ድምፅ ነው። እምዬና አንዲት አክስቴ ነገ ለሚመጣው ለማይታወቅ ሰው ዛሬ ሌሊት ይፈጫሉ። ለስሙ የቤቱ አባወራ ነው እንግዳ ተቀባይ የሚባለው፤ ምርቃቱንም የሚቀበለው እሱ ነው። «ዋጋ አይጠየቅም» ማለት «ዋጋ የለውም» ማለት አልነበረም። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

የአገሩ ታሪክም ከእምዬ ቤት ብዙ አይርቅም። የንጉሥ እንግዳ ሆኖ የሚጓዝ ሰው ድርጎ ይታዘዝለት ነበር። ባልደራባ ይመደብለታል፤ ባደረበት አገር ሁሉ ገበሬው በግ፣ እንጀራ፣ ማር፣ ለበቅሎው ገብስ ያወጣል። የፈረንጆቹን የጉዞ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ «ሕዝቡ ደግ ነው፣ ሁሉን አመጣልን» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ድርጎ አላመጣም ያለው ሹም ተገረፈ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወታደርማ ባለርስቱ ቤት ተመርቶ ሲገባ እንግዳ ልንለው ይቅርና አባወራውን ራሱን እንግዳ ያደርገው ነበር። የገበሬው ሚስት ስንት ሌሊት እንደፈጨች ግን አንድም ታሪክ ጸሐፊ አልመዘገበልንም።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደሉም። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። ቅድመ አያታቸው ደግሞ ራስ ጉግሳ ናቸው፤ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት፣ ቤጌምድርን ከዚያ ሆነው የገዙት የየጁው ራስ። እንግዲህ ይፋግ ኬላ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ የማንን ግብር ቤት ይሞላ እንደነበር መገመት አያዳግትም። እቴጌይቱ ከዚህ ቤት የወጡ ሰው ናቸው፤ ማብላት ማለት መግዛት ከሆነበት ቤት።

ማብላቱንም ያውቁበት ነበር። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ያዘጋጁትን ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ተርከውታል። የወጡን ዓይነት፣ የጠጁን ብዛት፣ የመስተንግዶውን ሥርዓት ሲያወርዱት ጸሐፊው ራሳቸው የጠገቡ ይመስላሉ። ግብር ግን ዝም ብሎ ምሳ አልነበረም። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደሚደርሰው፣ ማን ጠጅ ማን ጠላ እንደሚጠጣ የተወሰነ ነው። የበላ ሰው የአብይው ሰው ይሆናል። አዳራሹን ለቅቆ ሲወጣ ዕዳ አለበት፤ ዕዳው ግን በብር የሚከፈል አይደለም።

ይህች ግብር አብይ ሴት ናት እንግዲህ ከሃያ ዓመት በኋላ ምግብ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት የከፈተችው። (አንቺ ማለቴን እቴጌይቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ ሲገርመኝ ነው።)

ሆቴሉ በ1898 ዓ.ም. ተሠርቶ በ1900 ዓ.ም. በይፋ እንደተከፈተ ነው የሚነገረው። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የሚል ስም ይዞ የኖረውም እሱ ነው። ዘመኑን አስቡት። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባ ገብተው ሠፍረዋል። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሷል፤ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ግን ገና ነው። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ አጭበርባሪውም ጭምር እየጎረፈ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ የተከፈተው በዚያው በ1898 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙትም በ1900 ዓ.ም. ነው። ሥልጣን ወንበር፣ ገንዘብም ደብተር ባገኘበት ሰሞን ማለት ነው ጉርሻ ዋጋ የወጣለት። ያን ሁሉ የውጭ ሰው በድርጎና በየመኳንንቱ ግቢ ማስተናገድ እስከ መቼ ይቻላል? ከእንግዲህ የንጉሥ እንግዳ ሳይሆን በራሱ ገንዘብ የሚኖር እንግዳ ነው የሚመጣው።

የፈረንጁስ እሺ። ያገሬው ሰው ግን ከየት ይምጣ? ሲነገር የኖረው ጨዋታ እንዲህ ነው። ሆቴሉ ተከፈተ፤ ምግቡ ተሠራ፤ የሚገባ ሰው ጠፋ። ገንዘብ ከፍሎ መብላት ነውር ነዋ! ቤት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ የሚያበላው ጌታ ያጣ ሰው ነው እህል የሚገዛው። ይህን የሰሙት አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው መጡ። ተበላ፣ ተጠጣ። ሲያበቁ ንጉሡ ሒሳቡን ጠይቀው ከኪሳቸው ከፈሉ። ሌላ ቀን እንደገና መኳንንቱን ይዘው መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ንጉሡ እስኪከፍሉ ጠበቁ። ምኒልክ ግን «እንግዲህ ለየራሳችሁ ክፈሉ» አሏቸው ይባላል።

እንዲህ ሆኖ ይሁን፣ ወይስ ቆይቶ ጨዋታ አዋቂ ያሳመረው ይሁን፣ አልምልም። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ተደግሞ በሁለተኛው የሚገለበጥ ታሪክ ሲሰማ መጠራጠሩ አይቀርም። ኀፍረቱ ግን እውነት ነው። ያን ወጣት ነጋዴና እምዬን ያየሁ እኔ እመሰክራለሁ። ደግሞ ልብ በሉ፤ በታሪኩ ውስጥ ሆቴሉ የተመረቀው በግብዣ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ጋባዥ ነበር። እስከ ዛሬም ከዚያች ቀን ብዙ የራቅን አልመሰለኝም። አራት ሆነን ምሳ በልተን ሒሳብ ሲመጣ የምናደርገውን እዩት። አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው አስተናጋጁን ይቆጣል፣ ሦስተኛው «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሾልኮ ሄዶ ይከፍላል። በቦታው የነበረ እንግዳ ጠብ የተነሣ ነው የሚመስለው። ሁለተኛውን የምኒልክ ቀን፣ «ለየራሳችሁ» የሚለውን፣ ገና አልለመድነውም። ግብር ቤቱን አፍርሰን ሳንጨርስ በየጠረጴዛው እንገነባዋለን።

ሆቴሉ ፒያሳ ነው ያለው። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ውስጥ ስትገቡ ትልቅ የእንጨት ደረጃ ይቀበላችኋል፤ ሲረግጡት ይናገራል። እኔ ደረጃውን ነው የምወደው። ግብር ቤት ደረጃ ቢኖረው ኖሮ ማን እንደሚወጣና ማን ታች እንደሚቀር አጋፋሪው ይወስን ነበር። እዚህ ግን ለአልጋው የከፈለ ሁሉ ይወጣል። የባላምባራስ ልጅ ነህ ወይስ የቆዳ ፋቂ የሚል የለም። አጋፋሪውን ገንዘብ ተካው። ገንዘብም የራሱ ጭካኔ አለው፤ የሌለው ሰው ደረጃውን አይወጣም። ከገንዘብና ከአጋፋሪ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ ግን በድሮው ግብር ቤት ከበር የተመለሰን ሰው መጠየቅ ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ አልጻፉልንም።

ቃሉም ራሱ እንዴት እንደተጓዘ ይገርመኛል። «ሆቴል» ከፒያሳ ተነሥቶ ጠቅላይ ግዛቱን ሲዞር አልጋው ወደቀበት። በእኛ አገር ከተሞች ሆቴል ማለት ወጥና እንጀራ የሚሸጥበት ቤት ሆነ። ማደሪያ የፈለገ ሰው ደግሞ ቡና ቤት ይሄዳል፤ «አልጋ አለ?» ይላል። ክፍሉን የሚጠይቅ የለም፣ አልጋውን ነው።

ይፋግም በመጨረሻ ሆቴል ደረሰላት። በ1970 ዓ.ም. ገደማ አንዲት ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት፣ መኪና መንገዱ ዳር ባለች ባለ ቆርቆሮ ቤቷ ምግብ መሸጥ ጀመረች። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጓሮ ማድ ቤት። ሹፌሮች ይቆሙላታል። አስተማሪዎቹም ይበሉባታል። ከተማው ግን አወራ። «እንጀራ ሸጠች» ተባለ። ሌላ ነገር የሸጠች ይመስል ነበር የሚወራው። እምዬ በግልጽ አልተናገረችም፤ ቡና መጠራራቱን ግን ተወች። በእኛ አገር ይህ ከስድብ ይከፋል።

ነገሩ እኔን ባይነካኝ ኖሮ አሳልፈው ነበር። ሴትዮዋ ጽሑፌ ያምራል ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርታ በጣውላ ላይ «ሆቴል» ብዬ እንድጽፍላት ለመነችኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ። በቀይ ቀለም ጻፍኩ። ምስር ወጥ በእንጀራ አበላችኝ፤ ሃያ አምስት ሳንቲምም ሰጠችኝ። በብዕሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትም ብዙ አይበልጥም። በማግስቱ ከእምዬ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጣውላው ተሰቅሎ አየችውና «ምን ይላል?» አለችኝ። ፊደል አታውቅም። ደነገጥኩ። «እንግዳ መቀበያ ይላል» አልኳት።

ትንሽ ሄድን። «የኛስ ቤት ታዲያ ምን ሊባል ነው?» አለች።

ውሸቴ የቆየችው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስኪታወጅ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ እምዬም ከቀበሌው ሴቶች ጋር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀመጠች። በስድሳ ምናምን ዓመቷ ሀሁ ቆጠረች። አንድ ቀን በዚያው መንገድ ስናልፍ ጣውላው ሥር ቆመች። ጣቷን እያነሣች፣ «ሆ... ቴ... ል» አለች። ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እንግዳ መቀበያ እያልክ» ብቻ አለችኝና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ እሷ ቆማ እያነበበችው ይመስለኛል።

ከዚያ 1977 መጣ። የዚያን ዓመት ከእብናትና ከበለሳ በኩል ሰው ወደ ታች ወረደ። እብናት ላይ ብዙ ሕዝብ የተጠለለበት የእርዳታ ጣቢያ ነበር፤ ቆይቶም በግድ እንዲበተን መደረጉ ዓለም ሁሉ የሰማው ነው። ወደ እኛ የሚደርሰው መንገድ ያልጨረሰው ሰው ነው። በየደጁ ቆሞ «ቤቶች» ይላል፤ ድምፁ ግን ከአጥር አያልፍም። እምዬ የመጀመሪያዎቹን ተቀበለች። ሁለተኞቹን ተቀበለች። አንድ ምጣድ፣ አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሴቶች። በአሥረኛው ቀን አልተቻለም።

ያኔ ነው እምዬ የቀረችንን ጤፍና ማሽላ አህያ ላይ አስጭና ወደ ሆቴሉ የሄደችው። ከሰባት ዓመት በኋላ የሴትዮዋን ደጅ ረገጠች። እኔ አህያውን እየነዳሁ ነበር፤ ይቅርታ ሲባባሉ አየሁ ብዬ አልዋሽም። «ያንቺ ቤት ድስቱ ትልቅ ነው» አለች እምዬ። «ግቢ» አለቻት ሴትዮዋ። ሁለት ትላልቅ ምጣድ፣ በርሜል የሚያህል ድስት፣ ለመጋገርና ለመቀቀል የለመዱ ሦስት ሠራተኞች ነበሯት። ቀን ቀን በፊት ለፊት በር ለሹፌሮች ትሸጣለች፤ ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ማገዶና በርበሬ ይገዛል፤ ሲመሽ በጓሮ በር በነፃ ይታደላል። ብዙ ሳምንት እንዲህ ተሠራ። የሞተውም ሞተ። የተረፈውም ተረፈ። እምዬ ያን ጊዜ ከዚያ ማድ ቤት ወደ ቤቷ የምትመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ እቴጌ ሆቴል ተቃጠለ ሲባል ስልኬ አላርፍ አለ። ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት እንዳልነበረ ሆነ፤ ከቀደመው ሕንፃም ክፍሉ ተጎዳ። በማግስቱ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። እንደኔ የቆመ ብዙ ሰው ነበር፤ አብዛኛው እዚያ ገብቶ በልቶ የሚያውቅ አይመስልም። ከኋላዬ አንዱ ወጣት «አሮጌ ቤት ነው፣ ምን ያስለቅሳል?» ይላል። ጓደኛው አልመለሰለትም። በኋላ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ይኸው ጥያቄ በሌላ አፍ ሲነገር ሰምቻለሁ። ሆቴሉ ቃጠሎውንም ፍርሻውንም አልፎ ቆሟል። መቆሙ ግን ለእኔ መልስ አይሆነኝም። የድሮ ቤት ሁሉ ይቁም የሚል ክርክር የለኝም፤ የእምዬ ክብ ቤት ፈርሶ በቦታው ብሎኬት ሲቆም «ዝናብ አያስገባም» ብዬ ደስ ብሎኛል። ይህኛው ግን ሲፈርስ የሚጠፋው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ያበላነውን ሰው እጅ መንሻ መጠየቅ ትተን ሒሳብ መጠየቅ የጀመርንበት ቦታ ነው። የጋገረችዋ ሴት ድካም በአደባባይ ዋጋ ወጥቶለት፣ በቁጥር ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ የቀረበበት ቤት ነው። ለጋጋሪዋ ምን ያህሉ እንደደረሳት ሌላ ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግን ዋጋ እንዳለው ታወቀ።

ያን ዕለት ጭሱን እያየሁ ያሰብኩት ግን ይህን ሁሉ አልነበረም። ማድ ቤቱ ተርፎ ይሆን እያልኩ ነበር። ምክንያቱ እምዬ ናት።

በ1984 ዓ.ም. ለሕክምና አዲስ አበባ አመጣኋት። ዓይኗ ደክሞ ነበር። ሐኪም ቤት ውለን ስንመለስ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እቴጌ ሆቴል ይዣት ገባሁ። በረንዳውን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን ቀና ብላ አየች። እኔም አስተማሪ አይደለሁ፣ ትምህርቴን ጀመርኩ። ይህን ቤት ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የራስ ጉግሳ ዘር፣ የደብረ ታቦሩ፤ ያን ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላት ነውር ነው ብሎ አልገባም አለ፤ ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ከፈሉ...

«የራስ ጉግሳ ዘር እንጀራ ሸጠች?» አለችኝ።

«ሸጡ፣ እምዬ።»

ዝም አለች። እንጀራው መጣ። ቆረሰች፤ ጫፉን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ዓይኑን አየች፣ ቀመሰች። «ማነው የጋገረው?» አለች።

አስተናጋጁ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። «ምጣዱ ጋ ያለችው ማናት? ልያት» አለች። እምቢ የሚል ጠፋ፤ ልጁ እጇን ይዞ ወደ ማድ ቤት ወሰዳት። ቆየች። እኔ ሒሳቡን ከፍዬ ጠበቅኋት። ስትመለስ የነጠላዋ ጫፍ፣ ሁልጊዜ ብሯን የምትቋጥርበት፣ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል።

«ከፍዬ ነበር እኮ» አልኳት።

«ላንተ ነው የከፈልከው» አለችኝና ጠረጴዛውን ተደግፋ ተቀመጠች።